የግንቦት ንባብ፣ ከነነጥቡ

ግንቦት 6

ለታናሽ ወንድሜ፣

ሰላምታዬን ከማስረዘሜ በፊት አንድ ነገር ላስተካክል። ፀጉር ሠሪዋን በዱላ አልመታኋትም። እቤቴ ውስጥ ዱላ የሚመስል ነገር ጃንጥላዬ ብቻ ነው፤ እሱም ለዝናብ እንጂ ለሰው አልተገዛም። «አእምሮዋን ስታለች፤ ደክሟት የመጣችን ሴት አስቀምጣ ወደ ላይ ተመለሽ እያለች ታንባርቅባታለች» ብሎ የነገረህን ሰው ስም ደብቀኸኛል። አትድከም፣ ራዲዮ ናት። የአጎታችን ልጅ ወሬ ስታስተላልፍ ሞገዷ ተቆራርጦ አያውቅም። ደረጃው ላይ ቆማ፣ ሳታንኳኳ፣ ጆሮዋን በሩ ላይ ለጥፋ መስማቷን ግን አብራ እንዳላስተላለፈች እገምታለሁ።

አሁን፣ እንደምን ሰንብተሃል? ጉልበትህስ? እኔ ለምስጋና የሚበቃ ጤና አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከእኔ ሥር ምድር ቤቱን የተከራየች ፀጉር ሠሪ አለች። ሱቋን ስትዘጋ ወደ እኔ ትወጣና ጮክ ብላ ታነብልኛለች። ትምህርቷን በልጅነቷ ስላቋረጠች ንባቧ እንዲፈጥን ትፈልጋለች፤ እኔም አዳምጬ አርማታለሁ። የምናነበው በማተሚያ ቤት ደንብ ነው። አንተ ዕድሜህን ሙሉ የውሃ ፓምፕ ስትፈታ ስለኖርክ ደንቡን አታውቀው ይሆናል። እርማት ክፍል ውስጥ ሁለት ሁለት ሆነን ነበር የምንሠራው። አንዷ የደራሲውን ጽሑፍ ጮክ ብላ ታነባለች፤ ሌላዋ ከፊደል ለቃሚዎቹ ተደርድሮ የመጣውን የሙከራ ወረቀት በዓይኗ ትከተላለች። አንባቢዋ ምልክቱንም ሳይቀር በቃል ትጠራለች፤ ነጠላ ሰረዝ፣ አራት ነጥብ፣ አዲስ መስመር እያለች። ከተደናቀፈች ወደ አንቀጹ ራስ ትመለሳለች። «ወደ ላይ ተመለሽ» ማለት ይኸው ነው። እኔም ስጀምር ስንት ጊዜ ተብያለሁ፤ ማንም ግን ለዘመዶቼ ወሬ አልላከልኝም።

የመስከረሙን ስምምነታችንን አልዘነጋሁም። ባለቤትህ ካረፈች በኋላ «ማታ ማታ ግድግዳ ላይ አፍጥጬ እውላለሁ» ብለህ ስትጽፍልኝ፣ በዓመት ሃያ አራት መጽሐፍ እንድንጨርስ ያዘዝኩህ እኔ ነኝ። በወር ሁለት፤ ሳይዘለል፣ መጨረሻው ቀድሞ ሳይታይ። «ማታ ማታ» ካልክ በኋላ «እውላለሁ» ማለትህን ያኔ ሳላርም ያለፍኩት ስላዘንኩልህ ነው። እስከ ሚያዝያ ሁለታችንም አሥራ ስድስት ደርሰናል። የፓምፕ መመሪያህ አልተቆጠረም፤ አይቆጠርምም። የግንቦት ሁለቱ መጽሐፎቼ አንዱ ስለ ንቦች፣ ሌላው በግንብ ስለተከፈለ ቤት ናቸው። በወሩ መጨረሻ ሪፖርቴን ጠብቅ።

እህትህ

ግንቦት 12

እትዬ፣

ደብዳቤሽን ቆሜ አነበብኩት፣ ተቀምጬ ደገምኩት። የራዲዮ ነገር ላይ ስደርስ ሻዩ በአፍንጫዬ ወጣ። ጉልበቴ ደረጃ ካላየ ደህና ነው። የፓምፕ መመሪያው ግን ሦስት መቶ ገጽ ነው፤ ሥዕል ስላለው ብቻ መናቅሽ ግፍ ነው።

የዚህ ወር የመጀመሪያ መጽሐፌ የመርከብ ወጥ ቤት ሠራተኛ የጻፈው ነው። ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ ባሕር ላይ ኖሮ ባሕሩን የሚያየው የድንች ልጣጭ ሲደፋ ብቻ ነው። ወድጄዋለሁ። ባለቤቴ ብትኖር «አንተን ነው የሚመስለው» ትለኝ ነበር። ድሮ ብቻዬን ሳስባት ያፍነኝ ነበር። አሁን መጽሐፍ ውስጥ ሳገኛት ፈገግ እላለሁ። ይህን ያደረግሽልኝ አንቺ ነሽ፤ በአፌ ብነግርሽ ስለምትቆጪኝ ነው የምጽፈው።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ አትቆጪ። መስመሮችሽን ምን ነካቸው? ልጅ ሳለሁ አንድ ፊደል ከመስመር ሲወርድብኝ ገጹን ሙሉ ታስገለብጪኝ ነበር። የአሁኑ ደብዳቤሽ ከግማሹ በኋላ ወደ ታች እየተንሸራተተ ጥጉ ላይ ተከምሯል። ሁለት ቦታ ደግሞ አንዱን መስመር ሌላው ላይ ጽፈሽዋል። ዓይንሽ ደህና ነው? ባለፈው ዓመት «ሐኪሙ ቀጠሮ ሰጥቶኛል» ብለሽኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ አንዲት ቃል አልሰማሁም።

ወንድምሽ

ግንቦት 17

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ ነጠላ ሰረዝ

ደብዳቤህ ደርሶኝ አንብቤዋለሁ አራት ነጥብ ስለ ጤንነቴ ማሰብህን አመሰግናለሁ ነጠላ ሰረዝ ነገር ግን የሚያሳስብ ነገር የለም አራት ነጥብ መስመሩ የተንጋደደው የጠረጴዛው አንድ እግር ስላጠረ ነው አራት ነጥብ አሁን ካርቶን ስላስገባሁበት የእጅ ጽሑፌ እንደምታየው ተስተካክሏል አራት ነጥብ አዲስ መስመር

ዓይኔ ደህና ነው አራት ነጥብ ቀጠሮው ለሌላ ጊዜ ተላልፏል ነጠላ ሰረዝ ያስተላለፈውም ሐኪሙ ነው አራት ነጥብ የንቦቹን መጽሐፍ ጨርሼ ወደ ግንቡ ተሻግሬአለሁ አራት ነጥብ ስለ ባለቤትህ የጻፍከውን ሁለት ጊዜ አስነበብኩት አይ አነበብኩት በይ አራት ነጥብ

አክባሪ እህትህ አራት ነጥብ በቃ እዚህ ላይ ነው ሻይሽ ቀዘቀዘ እኮ ጠጪ

ግንቦት 22

እትዬ፣

የመጨረሻውን ደብዳቤሽን ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቼ ለረጅም ጊዜ አየሁት። መጀመሪያ ሳቅሁ። ቀጥሎ መሳቅ አልቻልኩም።

አርባ ዓመት የሰው ስህተት ስትለቅሚ የኖርሽ ሴት ነሽ። የሠርጌን መጥሪያ በቀይ እስክሪብቶ አርመሽ የላክሽልኝ ሴት ነሽ። «አራት ነጥብ» የሚለው ቃል በፊደል ተጽፎ፣ «አነበብኩት በይ» ተብሎ፣ የሻይ ግብዣ ተጨምሮበት ከእጅሽ ሲወጣ ዝም አልሽ። አንቺ ይህን ዓይተሽ ታሳልፊያለሽ ብሎ የሚነግረኝ ሰው ቢኖር አላምነውም። ስለዚህ አላየሽውም። እትዬ፣ ምን ያህል ነው የማታዪው?

ይህን ለምታነብላት እህት፦ ጎሽ፣ የእጅ ጽሑፍሽ ያምራል። እባክሽ አሁን የምጽፈውን ሳትዘዪ አንብቢላት፤ ዓይኗን ካፈጠጠችብሽም አትፍሪ፣ እንደማታይሽ ደርሼበታለሁ።

እትዬ፣ ቀጠሮውን ያስተላለፍሽው አንቺ ነሽ። ስንት ጊዜ እንደሆነ አልጠይቅም። ለምን እንደደበቅሽኝ ግን የገባኝ ይመስለኛል። እኔ ማንበብ ካቆምኩ እሱም ያቆማል፣ ተመልሶ ግድግዳ ላይ ያፈጣል ብለሽ ነው። እንግዲያው ልንገርሽ። የመርከቡን መጽሐፍ ምዕራፍ ዘጠኝ ላይ ዘግቼዋለሁ። ማዕበል ተነስቶ፣ የፈላው ድስት እየተንሸራተተ፣ ሰውየው ድስቱን ይያዝ ወይስ ራሱን ሳይወስን ነው የተውኩት። ሐኪም ቤት ሄድኩ ብለሽ እስክትጽፊልኝ አልከፍተውም። ሳይጨርሱ መተው ነውር ነው ያልሽው አንቺ ነሽ። ነውሩ በአንቺ ነው።

ወንድምሽ

ግንቦት 26

ወንድሜ፣

ይህን የምትጽፈው ፀጉር ሠሪዋ ናት። ምልክቶቹን በምልክት ማስፈር እንዳለባት ተነጋግረናል።

ደብዳቤህን ሳትዘል አነበበችው። «ጎሽ» ያልካትን ሁለት ጊዜ። «አራት ነጥብ የሚለው ቃል በፊደል ተጽፎ» የሚለው ላይ ስትደርስ ንባቧን አቋረጠች።

«ምነው ቆምሽ?» አልኳት።

«እማማ፣ አራት ነጥብ ሲሉኝ ጻፊ ማለትዎ አልነበረም እንዴ?»

«ምን አድርገሽ ነው?»

«የምልሽን ብቻ ጻፊ፣ አትቀንሺ፣ አትጨምሪ አላሉኝም? እኔም አልቀነስኩም።»

«ሻዩንም?»

«ሻዩንም። እሱ እንኳ ገርሞኝ ነበር። ለወንድማቸው ሻይ ጠጪ ይሉታል እንዴ፣ ሴት ነው እንዴ ብዬ።»

ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅሁ። ከዚያ ሳቁ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠብኝና እሷ ወንበሯን አስጠግታ እጄን ያዘችኝ። ከአፌ የወጣ ጽሑፍ እንዲያ ሆኖ ሲሄድ አለማየቴ፣ ሐኪሙ በመሣሪያው ካሳየኝ ሁሉ በላይ ያለሁበትን አስታወቀኝ።

እንግዲህ ሳልሸፍን ልንገርህ። ሁለቱንም ዓይኖቼን ሞራ ጋርዷቸዋል። መስኮቱ የት እንዳለ አውቃለሁ፤ ማሰሮና ማንቆርቆሪያ እለያለሁ፤ የሰው ፊት ግን በእንፋሎት የተሸፈነ መስታወት ሆኖብኛል። የመጋቢትና የሚያዝያ መጽሐፎቼን ያነበበችልኝ እሷ ናት። የግንቦት 6ቱን ደብዳቤ ራሴ ጽፌ ውጤቱን አይተኸዋል። ሐኪሙ በቀዶ ሕክምና ሞራው ይነሳል ብሏል፤ ብቆይ ግን እየጠጠረ ሥራው እንደሚከብድ አስጠንቅቆኛል። ሁለት ጊዜ ቀጠሮ የሰረዝኩት እኔ ነኝ። የፈራሁት ሕመሙን አይደለም። የቀረችኝን ትንሽ ብርሃን ለማላውቀው ሰው እጅ አሳልፌ መስጠት ከበደኝ። ስለ አንተ የገመትከውም እውነት ነው፤ ግን ከፍርሃቱ ቀጥሎ የሚመጣ ነው። የከበረውን ምክንያት ከፊት አድርጌ ልዋሽህ አልፈልግም።

ትናንት ይህን ስነግራት ፀጉር ሠሪዋ ምን እንዳለችኝ ታውቃለህ? (አሁን «ይሄም ይጻፍ?» አለችኝ። ይጻፍ።)

«እማማ፣ እኔ ምላጭ ይዤ ሰው አንገት ላይ ስቆም ሰዉ ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚቀመጥልኝ። አንዳንዱ እንዲያውም ያንኮራፋል። እኔን ማን ያውቀኛል? ታዲያ እርስዎ የተማረውን ሰው ለምን አያምኑትም?»

«እሺ፣ በሚቀጥለው... ምናልባት ክረምቱ ሲወጣ... እስቲ እናያለን» አልኩ።

«ተደናቀፉ» አለችኝ።

«ምን?»

«ተደናቀፉ እኮ። ወደ ላይ ይመለሱ።»

ወንድሜ፣ ይህን ደንብ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ወደ ላይ ተመለስኩ። ሁለተኛውም ላይ ተደናቀፍኩ፤ ደግማ መለሰችኝ። ፊቷን ባላይም እየሳቀችብኝ እንደነበር ከትንፋሿ አውቃለሁ። በአራተኛው «ነገ ጠዋት ሐኪም ቤት ሄጄ ቀጠሮዬን አስይዛለሁ፣ አራት ነጥብ» ብዬ ሳልቆም ጨረስኩ።

ዛሬ ሄድን። ለሰኔ 7 ተይዟል። ድስቱን ያዝለት።

እህትህ

ሰኔ 1

እትዬ፣

ይህን የምጽፈው መጽሐፉን አቋርጬ ነው። ሰውየው ድስቱን ለቀቀና ራሱን ያዘ። በማግስቱ መርከበኛው ሁሉ ደረቅ ዳቦ በላ፤ ማንም አልተቆጣውም። እኔ ግን ድስቱን ይይዛል ብዬ ነበር።

መምጣት ፈልጌ ነበር። ሐኪሞቼ ጉልበትህ ለዚያ መንገድ ገና ነው ሲሉኝ ተጨቃጭቄ ተሸነፍኩ። ይቅር በይኝ። አጠገብሽ የምትቀመጥ ሰው ስላለች እንቅልፍ ይወስደኛል፤ ባትኖር ኖሮ ራዲዮን እልክብሽ ነበር።

ስለ ቁጥሩ ባትጠይቂኝም፦ በጆሮ የተሰማ መጽሐፍ ይቆጠራል። የፓምፕ መመሪያዬን በማስቀረት ያሳየሽውን ጭካኔ በራስሽ ላይ አታውዪው።

ወንድምሽ

ሰኔ 7፣ ከሰዓት በኋላ

ወንድሜ፣

ተመልሰን ቤት ገብተናል። ቀኝ ዓይኔ በፋሻ ታሽጓል። ግራው የራሱ ተራ እስኪደርስ እንደ ልማዱ ጭጋጉን ያያል። ሐኪሙ ሥራው ባሰበው መንገድ መሄዱን ነግሮኛል፤ ምን ያህል እንደማይ ግን ፋሻው ነገ ጠዋት ሳይፈታ አልናገርም ብሏል። ያላየውን አልናገርም የሚል ሰው ስለሆነ ወደድኩት። ሲሠራ «አሁን እጄ ይሰማሻል፣ አይዞሽ» ካለኝ በቀር አንድ ትርፍ ቃል አልተናገረም። እሱንም ላመሰግነው ይገባል።

ፀጉር ሠሪዋ ሱቋን ዘግታ ውላለች። በሩ ላይ «በንባብ ምክንያት ዝግ ነው» ብላ ለጥፋለች አሉ። ራዲዮ አንብባው ወጥታ ነበር። ይህን ያህል ሰዓት ዝም ብላ ተቀምጣ አታውቅም፤ ስትሄድ ግንባሬን ሳመችኝና «ለማንም አልናገርም» አለች። ስለዚህ እስካሁን ሳትሰማው አትቀርም።

የዘገየው የግንቦት ሪፖርቴ ይኸውልህ።

የንቦቹን መጽሐፍ ከትምህርቱ ይልቅ ለጸሐፊው ስል ወደድኩት። ቀፎ ሲከፍት ትንፋሹን እንደሚይዝ ይነግረናል፤ አረፍተ ነገሮቹም ትንፋሽ እንደያዘ ሰው አጭር አጭር ናቸው። ፀጉር ሠሪዋ ይህን መጽሐፍ ስትጀምር በየመስመሩ ትደናቀፍ ነበር። መጨረሻው ላይ ሁለት ሙሉ ገጽ ሳትመለስ ወረደች። ስትጨርስ መጽሐፉን ዘግታ «እማማ፣ እኔ ነኝ ያነበብኩት?» አለችኝ። እኔም ሌላ ሰው ክፍሉ ውስጥ እንደሌለ አረጋገጥኩላት።

የግንቡን መጽሐፍ ግን እንዴት ብዬ ልንገርህ? ሁለት ወንድማማቾች የአባታቸውን ቤት በግንብ ይከፍሉታል። የእናታቸው አልጋ በአንዱ በኩል፣ ምድጃዋ በሌላው በኩል ይቀራል። ፀጉር ሠሪዋ በየምዕራፉ እየቆመች ትጣላቸው ነበር። «እነዚህ ሰዎች በር ማውጣት አያውቁም እንዴ? ግንበኛው ራሱስ አፍ የለውም?» ትላለች። እኔም «ቀጥዪ፣ ደራሲው አይሰማሽም» እላለሁ።

ወደ መሀሉ ስንደርስ አንድ ነገር ታወሰኝ። ይህን መጽሐፍ አውቀዋለሁ። በእጄ ያለፈ ነው። ወጣት ሳለሁ ከመታተሙ በፊት ሦስት ጊዜ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አርሜዋለሁ። አንድ ገጽ ላይ ተገልብጦ የገባ ፊደል እንደነበረ እስከ ዛሬ አስታውሳለሁ፤ በየትኛው ጥግ እንደነበረ ጭምር። እናትየዋን ግን አላስታውሳትም። በመጨረሻው ምዕራፍ አልጋዋ ላይ ሆና ግንቡን በጣቷ ስታንኳኳ፣ ከዚያኛው በኩል ልጇ ምድጃውን አንድዶ ግንቡን ሲያሞቅላት፣ እንደ አዲስ ነው የሰማሁት። አለቀስኩ። ፀጉር ሠሪዋም አለቀሰች፤ አራት ነጥቡን መጥራት ረሳች፤ እኔም አልመለስኳትም።

በሥራዬ አላፍርም። ያ ፊደል ተገልብጦ ቢቀር ኖሮ ሰው ሁሉ እሱ ላይ ይደናቀፍ ነበር። ሌሎች ያለ ስህተት እንዲያነቡት እኔ ስህተቱን ሳነብ ኖርኩ፤ መጽሐፉ ራሱ ግን እስከዚህ ግንቦት ድረስ ቆይቶ ጠበቀኝ። ለዚህ ዓይኔን ላመስግን ወይስ ልውቀስ አላውቅም። ያችን ሴት ግን አመሰግናለሁ፤ ቀኑን ሙሉ ቆማ ውላ፣ እጇ ሳሙና እየሸተተ፣ ያን ደረጃ ለወጣችው። (አንገቷን ደፍታለች መሰለኝ፣ እስክሪብቶው ቆመ። ጻፊው እንጂ።) አንተንም አመሰግናለሁ። መጽሐፍህን ዘግተህ ባታስፈራራኝ ኖሮ ዛሬም ጠረጴዛው እግር ሥር ካርቶን እያስገባሁ ነበር።

ስለ ቁጥሩ ውሳኔህን ተቀብያለሁ። አሥራ ስምንት ደርሰናል። ከመጋቢት ወዲህ ያሉትን ግን «የተነበበልኝ» ብለህ መዝግብ፤ የእሷንም ቁጥር ከሥር ጀምርላት። እኔ ልይም አልይም የቀሩት ስድስቱ ይነበባሉ። ይህን ዛሬ፣ ፋሻው ሳይፈታ የምነግርህ፣ ነገ በሚሆነው ላይ እንዳልተንጠለጠለ እንድታውቅ ነው። ካየሁ ጥሩ ነው። ባላይም ደረጃውን የምትወጣ ሰው አለችኝ፤ አንተም ምዕራፍ እየቆጠርክ ትጽፍልኛለህ።

ይህን ደብዳቤ ዛሬ አንልከውም። ጸሐፊዬን «አንድ ስህተት ሆን ብለሽ ተዪበት፣ የት እንደሆነ እንዳትነግሪኝ» ብያታለሁ። «እማማ፣ ሳልፈልግ የሠራሁት ቢኖርስ?» አለች። እሱም አብሮ ይገኛል።

ነገ መጀመሪያ የማደርገው ይህ ነው። ፋሻው ሲፈታ ቀስ ብዬ ዓይኔን እከፍታለሁ፤ ሐኪሙ አትቸኩዪ ብሏል። የዚህችን ሴት ፊት አያለሁ፤ እዚህ ቤት ስትገባ ዓይኔ ደክሞ ስለነበር እስካሁን በድምጿ ብቻ ነው የማውቃት። («ሲያዩኝ ቢጸጸቱስ?» ትላለች። በቀይ እናርመዋለን አልኳት።) ቀጥሎ መስኮቱ ሥር እቀመጣለሁ። ቀዩን እስክሪብቶ ከመሳቢያው አወጣለሁ። ከዚያ ይህን ደብዳቤ ከመጀመሪያው መስመር ጀምሬ እስከ መጨረሻው፣ ሳልዘል፣ ራሴ አነበዋለሁ። ቀይ ምልክት ይዞ ከደረሰህ ሌላ ዜና አትጠብቅ። ንጹሕ ሆኖ ከደረሰህም አትደንግጥ፤ መጽሐፍህን ክፈትና ቀጥል

እህትህ አራት ነጥብ